ብረቱ ቧንቧና የድንበሩ ድምፅ

ተረት ልጀምር ነውና "ይሁን" በሉኝ። ይሁን ካላላችሁኝ አፌን አልከፍትም፤ ለማይሰማ ሰው ማውራት ከጀመርኩ አረጀሁ ማለት ነው።

አላችሁ? ጥሩ። እዚያ ጥግ ላይ የምትንሾካሾኩትም ወዲህ ጠጋ በሉ፣ ሁለት ጊዜ አልናገርም።

ድሮ ነው። ድሮ ስላችሁ ብረት አፍ በነበረው ጊዜ፣ ውሃ እንደ ሰው በሚያማበት ጊዜ፣ ጉርጥ ሰው ቤት ገብታ "እንዴት ዋላችሁ" በምትልበት ጊዜ። በዚያን ጊዜ አንድ ግቢ ነበረ። ሰባት ቤት በአንድ ረድፍ፣ ግድግዳቸው ጭቃ፣ ጣሪያቸው ቆርቆሮ። ሰባቱም ቤት የሚጠጡት ከአንድ የብረት ቧንቧ ነበር። ቧንቧው በግቢው በር ሥር ይገባና በሰባቱም ቤት የጀርባ ግድግዳ ውስጥ እየሾለከ ያልፋል፤ ለየቤቱም አንድ አንድ አፍ ያወጣል።

ሰዎቹ ደህና ሰዎች ነበሩ። የሚጣሉትም የሚታረቁትም በአንድ ቀን ነው። ሁለት ወግ ነበራቸው፤ ሁለቱንም ያዙልኝ። አንደኛው፣ በቀትር ማንም ውሃ አይቀዳም። ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም ሰዓቱ የሰው አይደለም ይላሉ፤ ሁሉም በሩን ገርበብ አድርጎ ቤቱ ይቀመጣል። ሁለተኛው የአሮጌ ድርሻ የሚሉት ነው። በዚያ ግቢ ነገር ሲታደስ አሮጌው ሙሉ በሙሉ አይጣልም። አጥር ሲታጠር አንድ አሮጌ እንጨት ይቀራል፤ ጣሪያ ሲቀየር አንድ አሮጌ ቆርቆሮ ይቀራል። የትኛው እንደሚቀር የሚመርጠው ግቢው ውስጥ ብዙ ዘመን የኖረ ሰው ነው። ለአሮጌው ክብር ነው ይሉታል።

በአራተኛው ቤት፣ ልክ መሃል ላይ፣ ስንቅነሽ የምትባል ሴት ከባሏ ከድንበሩ ጋር ትኖር ነበር። ከግቢው ሰው ሁሉ ብዙ ዘመን የኖሩት እነሱ ናቸው። ድንበሩ በጉልበቱ ዘመን ቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ ያንን የብረት ቧንቧ ቆፍሮ የቀበረው፣ አንዱን ካንዱ ያጋጠመው እሱ ነው። ጨዋታ አዋቂ፣ ሳቁ ከግቢ ውጭ የሚሰማ ሰው ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ግን አንድ ጠዋት የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ አልጋ ላይ ነው። ግራ ጎኑ አይታዘዝለትም፤ ቀኝ እጁ ብቻ ትንሽ ትንቀሳቀሳለች። አንደበቱ ተዘጋ። አንዲት ቃል እንኳ የለም።

ስንቅነሽ ታጥበዋለች፣ ታጎርሰዋለች፣ ታገላብጠዋለች። ሁሉንም ቻለችው። ዝምታውን ግን አልቻለችም። አርባ ዓመት ሙሉ "ስንቄ" እየተባለች ኖራ በአንድ ጠዋት ስሟን የሚጠራ ሰው ማጣት ቀላል ነገር አይደለም። ጎረቤት እትዬ ይላታል እንጂ ስንቄ የሚላት ማንም አልነበረም።

እንግዲህ አንድ ቀን በቀትር ነው። ግቢው ጭር ብሏል። ስንቅነሽ ባሏን አብልታ ሳህኑን ስታነሳ ከጀርባው ግድግዳ ውስጥ ድምፅ ሰማች።

"ስንቄ።"

ሳህኑ ከእጇ አልወደቀም። ሌላ ሰው ይህን ተረት ሲያወራ ወድቆ ተሰበረ ይላል፤ ውሸት ነው፣ አልወደቀም። ሳህኑን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ቀስ ብላ ዞራ ባሏን አየችው። አፉ ዝግ ነው። ዓይኑ ብቻ ይመለከታታል።

"ስንቄ፣ ትንሽ እረፊ እንጂ" አለ ግድግዳው።

የድንበሩ ድምፅ ነው። የታመመው ድንበሩ አይደለም፤ የሠላሳ ዓመቱ ድንበሩ፣ ገና ሲያጫት የነበረው። ስንቅነሽ ሳህኑን አስቀመጠች።

"ማነህ አንተ?" አለች።

"ብረቱ ነኝ። ቧንቧው።"

"የባሌን ድምፅ ማን ሰጠህ?"

"ራሱ ነው የሰጠኝ። ሲቀብረኝ ውስጤ ክፍት መሆኑን ሊያውቅ አፉን ጫፌ ላይ አድርጎ ተጣራብኝ። እኛ ብረቶች የራሳችን ድምፅ የለንም። መጀመሪያ የገባብንን ነው የምንናገረው።"

"አርባ ዓመት ዝም ብለህ ዛሬ ምን አናገረህ?"

"እርጅና" አለ ብረቱ። "ዝገት ጉሮሮዬን ሊዘጋው ነው። በኔ ውስጥ የሚያልፈው ውሃ ቀልቶ ነው የሚወጣው፣ አይታችሁታል። ደከመኝ ስንቄ። ለግቢው ንገሪልኝና አውጡኝ፤ ፀሐይ ላይ አስተኙኝ። ስታወጡኝ ግን ሙሉ በሙሉ ነው። ግማሼን አትተዉ።"

"እነግርልሃለሁ" አለች ስንቅነሽ። ቃል ገባችለት።

ነገረችላቸውም። ግቢው እንደሆነ ድሮም ተማሮ ነበር። በሦስተኛው ቤት የምትኖር የትናየት የምትባል አፏ የማያርፍ ሴት ነበረች፤ "ልጄን ታጥቦ ይምጣ ብዬ ብልከው አፈር መስሎ ይመለስልኛል" እያለች ሰው ባገኘች ቁጥር ታወራለች። ተሰበሰቡ፣ ተመካከሩ፣ ብረቱ ወጥቶ በምትኩ መዳብ እንዲገባ ተስማሙ።

መዳቡ እስኪመጣ ግን ቀናት አለፉ። በእነዚያ ቀናት ስንቅነሽ በየቀትሩ በርጩማዋን ከግድግዳው ጥግ አስጠግታ ተቀመጠች። ብረቱ በድንበሩ ድምፅ ያጫውታታል። ድንበሩ በዚያ ቤት ያወራውን ሁሉ ሰምቷልና የሚያጣው ነገር የለም። የሠርጋቸውን ቀን ያነሳል፤ ድንበሩ ሚዜውን ረስቶ ብቻውን የመጣበትን። ልክ እንደ ድንበሩ ይስቃል። እሷም ሦስት ዓመት ያልሳቀችውን ሳቀች። ጥጉ ጠባብ ስለሆነ ፊቷ ወደ ግድግዳው ነበር፤ አልጋው ከጀርባዋ ነው።

መዳቡ መጣ። ጣሰው የሚባል ወጣት ቧንቧ ሠራተኛ በጋሪ ጭኖ አመጣው። መዳቡ እንደ ሙሽራ ተጠቅልሎ ነበር፤ ሲፈቱት ፀሐይ ላይ ቦግ አለ፤ ሕፃናቱ ፊታቸውን ሊያዩበት ተጋፉ። ጣሰው አንዱን ጫፍ አንስቶ አፉን አስጠግቶ ተጣራበት። መዳቡም ያንን የወጣት፣ የደስተኛ ሰው ድምፅ ዋጠና ዝም አለ።

ከአንደኛው ቤት ጀመሩ። ብረቱ እየተፈታ ወጣ፣ መዳቡ እየተበየደ ገባ። ሁለተኛው ቤት፣ ሦስተኛው ቤት። አራተኛው ቤት ሲደርሱ ስንቅነሽ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው።

"እዚህ ላይ ይብቃ" አለች። "ይህ ቁራጭ ይቀራል። የአሮጌ ድርሻ ነው፤ መራጯ ደግሞ እኔ ነኝ።"

ጣሰው መፍቻውን ይዞ ቀና አለ። "እትዬ ስንቅነሽ፣ እንደሱ አይሆንም። ብረትና መዳብ ውሃ እየነካቸው ገላ ለገላ ከተጋጠሙ መዳቡ ብረቱን ይበላዋል። ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚበላው። ከተወሰደ ሁሉም ይወሰድ።"

"አንተ ልጅ፣ የግቢውን ወግ ልታፈርስ ነው የመጣኸው?"

"ኧረ እኔ ምን አገባኝ፤ ወጉ የእናንተ ነው። ብቻ በኋላ ጣሰው አልነገረንም እንዳትሉኝ።"

የትናየት ነገሩን ሰምታ ዓይኗ እንባ አቀረረ። "ጋሼ ድንበሩ በእጃቸው የሠሩት ስለሆነ ነው እኮ" አለች። "እንዲህ ያለች ሚስት ከየት ይገኛል?" ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ስንቅነሽ አላረመቻቸውም። ዋሸች ማለት ይከብደኛል፤ እውነቱን ግን አልተናገረችም። ያስቀረችው ቁራጩን አክብራ አይደለም። ድምፁ እንዳይሄድባት ነው። ጣሰውም የእሷን ቤት ዘሎ ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው ቤት መዳቡን አስገባ።

በዚያ ቀን ቀትር ብረቱ ተናገረ። "ስንቄ፣ ቃል ገብተሽልኝ ነበር።"

"ትንሽ ቆይልኝ" አለችው። "ትንሽ ብቻ።"

ወር ሳይሞላ የመጀመሪያው ነገር መጣ። ስንቅነሽ በቀትር ጥጓ ላይ ስትቀመጥ ብረቱ እንደ ወትሮው ጨዋታ አልጀመረም።

"ስንቄ፣ እየላሰኝ ነው" አለ።

"ማን?"

"መዳቡ። በቀኝም በግራም ተኝቷል። ይልሰኛል።"

ከግድግዳው ውስጥ የጣሰው ድምፅ ሳቅ አለ፤ ጣሰው ግን በዚያ ቀን ግቢው ውስጥ አልነበረም። "እኔ ምን አደረግኩ?" አለ መዳቡ። "ዝም ብዬ ነው የተኛሁት። እኔ አጠገብ የተኛ ሁሉ ይሳሳል፤ ተፈጥሮዬ ነው። ለምን አጠገቤ አስተኛችሁት?"

ውሃውም በመካከላቸው እያለፈ አንሾካሾከ። ውሃ የራሱ ድምፅ የለውም፤ ያለፈበትን ሁሉ ድምፅ ይቀላቅላል። "እኔ አልበላም" አለ ውሃው። "ካንዱ ወስጄ ለሌላው አደርሳለሁ። የሰጡኝን ነው የማደርሰው።"

ስንቅነሽ በርጩማዋን ገፋች። ልትነሳ ስትል ከደጃፉ ላይ አንዲት ወፍራም ጉርጥ አየች። ጉርጧ ደፍ ላይ ተቀምጣ ጉሮሮዋን ትነፋለች።

"እንዴት ዋልሽ እመቤቴ?" አለች ጉርጧ። "ቤትሽ መሽተት ጀምሯል።"

"ምን ምን ይላል?"

"እኔ እኔ ይላል" አለች ጉርጧ። "እርጥብ ይሸታል። እግዜር ይስጥሽ፣ ማረፊያ ስፈልግ ነበር።"

ስንቅነሽ በመጥረጊያ አባረረቻት። ብረቱ "አውጪኝ" አላት። "እስከ ፋሲካ ታገሠኝ" አለችው። "ለፋሲካ አብረን እንጫወትና ከዚያ አወጣሃለሁ።" ብረቱም ታገሠ፤ ምን ምርጫ ነበረው? ብቻ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳቁ ጠፋ። የሠርጉን ቀን ያወራል፤ ሚዜው የተረሳበት ቦታ ሲደርስ ግን ይቆማል፤ ሳቁ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ ውሃ ብቻ ሲንጠባጠብ ይሰማል።

ፋሲካ መጣ፤ ሄደ። ስንቅነሽ ጣሰውን አልጠራችም።

ልንገራችሁ፣ ክፉ ሴት አልነበረችም። ድሮ ድንበሩን ስታበላ እያወራችው ነበር፤ ጉርሻውን እያሳነሰች፣ እስኪውጥ እየጠበቀች፣ አፉን እየጠረገች። አሁን ቀትር ሳይደርስ ልታደርስ ትቸኩላለች። ድንበሩ ከጉሮሮው የሚያሰማት አንዲት ማቃሰት ነበረች፤ ያቺን ሲያሰማ "ቆይ፣ ቆይ" ትለዋለች፣ ዞር ሳትል። ድንበሩን ልትሰማ ስትል ድንበሩን ዝም በል አለችው። ይኼ እኔን እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ሁለተኛው ነገር የመጣው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ግድግዳውን ያልበው ጀመር። እጇን ብታስነካው ቀዝቃዛ ነው። ድምፁ በጣም ስለቀጠነ ጆሮዋን ጭቃው ላይ ለጥፋ ነው የምትሰማው።

"ስንቄ፣ ሠርጋችን... ረሳሁት" አለ ብረቱ። "መዳቡ የበላኝ ቦታ ላይ የነበረ ነው መሰለኝ። ሄዷል።"

"እኔ አስታውሰዋለሁ፤ እነግርሃለሁ" አለች ስንቅነሽ።

"አውጪኝ።"

መዳቡ በጣሰው ድምፅ በደስታ አዜመ። "ወፈርኩ" አለ። "ከዚህ ቤት የተሻለ ቤት አላየሁም።"

"እያደረስኩ ነው" አለ ውሃው። "ወደ ግድግዳውም ማድረስ ጀምሬያለሁ፤ አዲስ በር አገኘሁ።"

ከአልጋው ሥር ደግሞ ሌላ ድምፅ መጣ። ጉርጧ ናት። ከአልጋው እግር ጋር ጉድጓድ ቆፍራ እስከ አንገቷ ጭቃ ውስጥ ተቀምጣለች።

"እመቤቴ፣ ገብቻለሁ" አለች። "ሳላስፈቅድሽ በመግባቴ አትቀየሚኝ፤ ጀርባሽን ሰጥተሽ ስለነበር ማስፈቀድ አልቻልኩም። እንቁላሌን እዚህ ልጥል አስቤያለሁ። መቼም ከእንግዲህ ሰው አይኖርበትም አይደል?"

 ስንቅነሽ በዚያች ደቂቃ ተነስታ ጣሰውን ጥሩልኝ ብትል ኖሮ ተረቱ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። እሷ ግን አሰበች። ብረቱ ከወጣ ቤቱ ዝም ይላል። ያ ዝምታ እንደገና ይመጣል። ከጉርጥም ከእርጥበትም ይልቅ የፈራችው እሱን ነው።

"ክረምቱ ይውጣ" አለችው ብረቱን። "በዝናብ ግድግዳ አይቆፈርም። ክረምቱ ሲወጣ አወጣሃለሁ።"

 ጉርጧ ከአልጋው ሥር ሆና አመሰገነቻት።

ሦስተኛው ነገር የመጣው ሐምሌ ውስጥ ነው። ቀትር ነበር፤ ዝናቡ ግን ሰማዩን አጨልሞ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። የክረምት ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ታውቁታላችሁ፤ ጎን ለጎን የተቀመጠ ሰው እንኳ አይሰማማም። ሰባቱም ቤት በሩን ዘግቶ ተቀምጧል። ስንቅነሽ ጥጓ ላይ ተቀምጣ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ብትለጥፍ ምንም የለም። ጠበቀች። ምንም የለም።

"ድንበሩ" አለች። ብረት ሆይ አላለችም፤ ድንበሩ አለችው። "ድንበሩ፣ ስሜን ጥራው።"

ከብዙ ጥበቃ በኋላ ከጭቃው ውስጥ እንደ ክር የቀጠነ ድምፅ መጣ።

"አንድ ቃል ቀርቶኛል" አለ ብረቱ። "ይህን የማወራሽ ከአፌ በተረፈ ዝገት ነው፤ ድምፄ አልቋል። የእሱ ድምፅ አንዲት ቃል ብቻ ናት የቀረችኝ። ስምሽን ልጥራበት? ከመጥራቴ በፊት ግን ዞር በይ።"

"ምን?"

"ዞር በይ ስንቅነሽ። እስካሁን ለመንኩሽ፤ ይህን ግን አዝሻለሁ።"

ስንቅነሽ ዞረች።

ጉርጧ ደረቱ ላይ ነበረች። የድንበሩ ደረት ላይ፣ ብርድ ልብሱ ላይ፣ እንደ ቤቷ ተደላድላ ተቀምጣለች። ስንቅነሽን ስታያት አንገቷን ሰበር አድርጋ ሰላምታ ሰጠቻት። ከአልጋው በላይ ያለው ያው የጀርባ ግድግዳ እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ተነፍቷል። ከመሃሉ ውሃ ይንዠቀዠቃል። ድንበሩ ያቺን ትንሽ የምትንቀሳቀስ ቀኝ እጁን ዘርግቶ ግድግዳው ላይ ተክሏታል፤ እስከ አንጓው ጭቃው ውስጥ ገብታለች። ግድግዳውን ደግፎ ይዟል። ካጎረሰችው ወዲህ ለምን ያህል ጊዜ እንደያዘው እግዜር ይወቅ። ፊቱ በላብ ርሷል። ዓይኑ ግድግዳውን አያይም፤ እሷን ነው የሚያየው።

 ጭቃ ውስጥ እጁን ከትቶ ጀርባዋን ሲያይ ነው የቆየው።

ስንቅነሽ ሮጣ አቀፈችው። ልታነሳው ሞከረች፤ አልተነሳም። በብብቱ ገብታ ሞከረች፤ አልቻለችም። ድንበሩ ትልቅ ሰው ነበር፤ እሷ ደግሞ የደከመች አሮጊት። "የትናየት" ብላ ተጣራች፤ ቆርቆሮው ድምፅዋን ዋጠው። በድጋሚ ተጣራች፤ ዋጠው። ትታው ወጥታ ጎረቤት እንዳትጠራ፣ እጁ የዛለች እንደሆነ ግድግዳው እንደሚወርድ ዓይኗ እያየ ነው፤ ጣቶቹ መንቀጥቀጥ ጀምረዋል።

ጉርጧ ከደረቱ ላይ ወረደች። "እንግዲህ ደረሰ" አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለራሷ።

"እሺ" አለ መዳቡ በጣሰው ድምፅ። "አንዲት ጉርሻ ነው የቀረችኝ።"

"እያደረስኩ ነው" አለ ውሃው።

ያኔ ብረቱ ጠየቃት። "ስምሽን ልጥራ? ወይስ በዚያች ቃል ጎረቤት ልጥራ? ሁለቱን አልችልም። አንዴ ከጠራሁ በኋላ አለቅሁ።"

እስቲ ራሳችሁን በእሷ ቦታ አድርጉ። አንድ ጊዜ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በዚያ ድምፅ፣ ስሟ። ከዚያ ወዲያ እስከ ዕለተ ሞቷ የለም። ስንቅነሽ የድንበሩን ጣቶች አየች። እጇን በእጁ ላይ ደርባ እሷም ግድግዳውን ደገፈች።

"ጎረቤት ጥራ" አለች። "እኔን ተወኝ።"

ብረቱ የቀረውን ሁሉ ሰበሰበ።

በሦስተኛው ቤት የትናየት ምስር እየለቀመች ነበር። በአምስተኛው ቤት አንድ ሰውዬ እያንኮራፋ ተኝቷል። በሰባተኛው ቤት ልጆች ይጣላሉ። በስድስቱም ቤት ያለው የቧንቧ አፍ፣ ማንም ሳይከፍተው፣ አንዲት ጠብታ ሳይወርድበት፣ በአንድ ጊዜ ጮኸ።

"ድረሱ።"

የጋሼ ድንበሩ ድምፅ ነው። ሦስት ዓመት ማንም ያልሰማው ድምፅ። ምስሩ መሬት ላይ ፈሰሰ። በአምስተኛው ቤት የተኛው ሰውዬ ካልሲውን ሳይፈልግ ተነሳ። ልጆቹ ጸጥ አሉ። ማንም ማንንም አልጠየቀም፤ ሁሉም በዝናቡ ውስጥ ወደ አራተኛው ቤት ሮጠ። የግቢው ሰዎች ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን ቧንቧ ሲከፍቱ መጀመሪያ ትንሽ ያዳምጡ ነበር ይባላል።

በሩን በትከሻ ገፍተው ገቡ። ሁለቱን እጆች ግድግዳው ላይ ተደራርበው አገኟቸው። አራት ሆነው አልጋውን ከነድንበሩ አንስተው አወጡ፤ የትናየት ስንቅነሽን በወገቧ ጎትታ አወጣቻት። የመጨረሻው ሰው እግሩን ከደፉ ሲያነሳ ግድግዳው ወረደ። ድምፅ አልነበረውም። እንደ ለስላሳ ነገር ዝም ብሎ አልጋው በነበረበት ቦታ ላይ ተኛበት።

ዝናቡ ሲያባራ ጣሰው መጥቶ ጭቃውን ቆፈረ። ብረት ፈለገ፤ ብረት የለም። በሁለቱ መዳቦች መካከል የብረት ቅርፅ ያለው ቀይ ዝገት ብቻ ነበር። በጣቱ ቢነካው ፈረሰ።

"እንዲህ አድርጎ የተበላ አይቼ አላውቅም" አለ ጣሰው። "ያን ዕለት አውጥተን ፀሐይ ላይ ብናስተኛው ይሄኔ ቁጭ ብሎ ነበር።"

"አከበርነው ብለን ነበር" አለች የትናየት።

"በመሃል አስገብታችሁ ሥራ አስቀጠላችሁት እንጂ መቼ አከበራችሁት?"

 ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ግቢ የአሮጌ ድርሻ የሚባል ወግ ቀረ። አሮጌ ነገር ሲወጣ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይተኛል። ጉርጧ ብቻ ናት የፈረሰው ጭቃ ላይ ተቀምጣ ቤት ፈረሰብኝ እያለች ስታማርር የዋለችው፤ ያዘነላት ግን አልነበረም።

ስንቅነሽና ድንበሩ ግድግዳው እስኪሠራ የትናየት ቤት ገቡ። የትናየት አልጋዋን ለቀቀችላቸው፤ ልጆቿን ይዛ ወደ ጓዳ ገባችና ለአንድ ቀን አፏን ዘጋች። ይህ ራሱ ተረት ነው ማለት ትችላላችሁ።

ስንቅነሽ ሞቅ ያለ ውሃ በሣህን ይዛ ባሏ ፊት ተቀመጠች። ፊት ለፊት፣ ጉልበቷ አልጋውን እየነካ። እጁን አጠበችለት። በጥፍሮቹ ውስጥ የገባውን ጭቃ አንድ በአንድ አወጣች። ከዚያ ሁሉንም ነገረችው። ብረቱን፣ ሳቁን፣ ሠርጉን፣ የገባችውን ቃል፣ ያፈረሰችውን ቃል። "አንተ ከጀርባዬ ተኝተህ እኔ ከግድግዳ ጋር ተጫወትኩ" አለችው። "ሲጠራኝ ደስ ስላለኝ ነው ድንበሩ። ሌላ ምክንያት የለኝም።"

ድንበሩ አልተናገረም። እንዲናገር አትጠብቁ፤ አልተናገረም፤ ከዚያ በኋላም ዘጠኝ ዓመት ኖሮ አንዲት ቃል ሳይናገር ነው የሞተው። በዚያች ቀን ግን ያቺን ቀኝ እጁን ከሣህኑ ውስጥ አወጣት። እየተንቀጠቀጠች፣ ውሃ እየተንጠባጠበባት፣ ቀስ ብላ ሄዳ የስንቅነሽ ጉንጭ ላይ አረፈች። ስንቅነሽም ሳትንቀሳቀስ ተቀመጠች፤ እጁ እስክትዝል ድረስ ዓይኑን እያየች ቆየች።

ከእኔ የሚጠበቀው ይኸው ነው፤ አደረስኩላችሁ። እንግዲህ ቤታችሁ ስትገቡ፣ የምትወዱት ሰው ዝም ያለባችሁ ካለ፣ ድሮ የነበረውን ድምፁን ፍለጋ ጀርባችሁን አትስጡት። ዞር በሉ። ምናልባት እጁን ግድግዳ ውስጥ ከትቶ ደግፎላችሁ ይሆናል።